«ልጄ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ»፦ የእናቴን ቤት አላርም እንዴት እንደገጠምኩ

የእናቴ ቤት ገርጂ ነው። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ፣ እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ፣ የጓዳውን በር ፈልቅቀው ገቡ። በጠራራ ፀሐይ። ቴሌቪዥኑን፣ ሁለት ሲሊንደርና አንድ ሻንጣ ሙሉ የሀገር ልብስ ይዘው ሄዱ። ቴሌቪዥኑ አላንገበገባትም። የአያቴ ቀሚስ ነው እስካሁን የሚያንገበግባት።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በዚያው ሰሞን ቤት እየቀየረ ነበር። የድሮው ቤቱን አላርም ነቃቅሎ፣ ለፋሲካ ሲመጣ በሻንጣ ይዞልን መጣ። የካናዳው ዲኤስሲ ዕቃ ነው። ፒሲ1832 የሚባል ፓነል (ሁሉም ሽቦ የሚገባበት ዋናው ሰሌዳ)፣ ኮድ የሚነካበትና ጽሑፍ የሚያሳይ ፒኬ5500 ኪፓድ፣ ሁለት የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ አንድ ፌስታል ሙሉ የበርና የመስኮት ማግኔት። ሁሉም ባለ ሽቦ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካቻቢቴና ቴስተር ይዤ ዕቃ መጎርጎር ግን ከልጅነቴ እወዳለሁ። ሥራው ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። ከሦስቱ ሁለቱ የራሴን ስህተት ማረሚያ ነበሩ። እናንተ ሁለቱን እንድትዘሏቸው ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ሻንጣው ሲከፈት ጠበቀኝ። ከዕቃው ጋር የመጣው ትራንስፎርመር 120 ቮልት ተቀብሎ 16.5 ቮልት የሚሰጥ ነው። የእኛ ቤት መብራት 220 ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ወንድሜ አዳፕተር ገዝቶ ነበር፤ ስፒናው ልክክ አለልኝ፤ ሰካሁት። አዳፕተር የስፒናውን እግር እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ትራንስፎርመሩ አጉረመረመ፣ ጋለ፣ ከዚያ ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። ደግነቱ ፓነሉን ገና አላገናኘሁትም ነበር።

መርካቶ ትራንስፎርመር የሚጠቀልል ልጅ አገኘሁ። «ከ220 ወደ 16.5፣ 40 ቪኤ» ብዬ ጻፍኩለት፤ በሁለት ቀን ሠርቶ ሰጠኝ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ፓነል የሚፈልገው እንደ ቤቱ መብራት ያለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ኤሲ ነው። ብዙ ሱቅ ስትጠይቁ የላፕቶፕ ቻርጀር የመሰለ ዲሲ አውጥተው «ይሄ ራሱ ነው» ይሏችኋል። ራሱ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ኮዱ ነበር። ወደ ፕሮግራሙ ለመግባት ኮከብ፣ 8፣ ከዚያ የገጣሚውን ኮድ ትነካላችሁ። ፋብሪካው የሚሰጠው 5555 ነው። አሜሪካ የገጠመው ሰው ግን ቀይሮታል፤ ወንድሜም አያውቀውም። ያገለገለ ፓነል የምትገዙ ሁሉ ይህ ይገጥማችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መብራቱንም ባትሪውንም ታጠፋላችሁ። ከዞን 1 እና ፒጂኤም 1 ከሚሉት ብሎኖች ላይ ያለውን ሽቦ ሁሉ ትፈታላችሁ (ዞን ማለት ፓነሉ ለብቻው የሚጠብቀው አንድ መስመር ነው)። ሁለቱን በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ታገናኛላችሁ። መብራቱን ብቻ 10 ሰከንድ ያህል ሰጥታችሁ መልሳችሁ ታጠፋላችሁ፣ ቁራጯን ታነሳላችሁ። ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። የድሮው ገጣሚ ፓነሉን ቆልፎት ከሆነ ግን ይህም አይሠራም። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ አስሞክሩት።

ሽቦው ላይ ብዙ አልቆይም። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ በኮንዲዩት፣ ማለትም በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ውስጥ ዘረጋሁት። ለምን ኮንዲዩት? አይጥ። የእማዬ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ሌሊት ሌሊት እስክስታ ይወርዳል። ባዶውን የተዘረጋ ሽቦ ሦስት ወር አይቆይም። ከ220ው መስመር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አራቅሁት። መሻገር ግድ ሲሆን አቋርጬው እንዲያልፍ እንጂ ጎን ለጎን እንዳይሄድ አደረግሁ። ለማግኔቶቹ ባለ 2፣ ለእንቅስቃሴ ሴንሰሮቹ ባለ 6 ሽቦ ተጠቀምኩ። በ6ቱ ሁለቱ 12 ቮልት ይወስዳሉ፣ ሁለቱ ሴንሰሩ ሲነቃ የሚናገሩ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰው ክዳኑን ሲከፍት የሚናገሩ። ኪፓዱ በአራት ሽቦ ነው የሚሠራው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ቀለሙን አታምታቱ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በላሜራ በር ላይ ግን ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት በሩም መስኮቱም ብረት ነው። የመጣው ማግኔት የተሠራው ለእንጨት በር ነው። አንዱ ቁራጭ በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው መቃኑ ላይ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ውስጡ ያለችው ቀጭን መቀያየሪያ ትዘጋለች፤ ሲራራቁ ትከፈታለች። ብረት ላይ ሲለጠፍ ብረቱ ራሱ የማግኔቱን ጉልበት ይሰርቃል። በእንጨት ላይ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚሠራው በላሜራ ላይ ግማሹን እንኳ ላይሠራ ይችላል። የእኛ ዋና በር ደግሞ እንደማንኛውም ብየዳ በር ትንሽ ይወዛወዛል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ኪፓዱ «ዞን 1 ተከፍቷል» ይለኛል።

አንድ ቀን ሙሉ ሽቦውን ስጠረጥር ዋልኩ። በኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት የጣውላ ቁራጭ ከማግኔቱ ሥር አስገባሁ። ከብረቱ ራቀ፣ ጉልበቱ ተመለሰ፣ ዝም አለ። ለብረት በር ተብሎ የሚሠራ ትልቅ ማግኔት አለ። ካገኛችሁ ግዙት። ካላገኛችሁ ጣውላዋ ትበቃለች። ሙጫውን ብቻ አትመኑ፤ በቪቴ እሰሩት። በክረምት ብርድና በበጋ ሙቀት ሙጫ ይለቃል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው። ከወለሉ ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ማዕዘን ላይ ስቀሉት። ሰው ከፊቱ ሲያቋርጥ በደንብ ያያል፤ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ሲመጣ ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ስለዚህ ሌባው ያቋርጣል ብላችሁ የምታስቡትን መንገድ ከጎን እንዲያይ አድርጉ። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ፊት ለፊት አይይ። ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃም ያሳስተዋል።

አሁን ወደ ሬዚስተሯ፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት ወደምትገታው ትንሽ ዕቃ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር። ከፓነሉ ጋር 5.6 ኪሎ ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ይመጣሉ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ መስመር ያላቸው። ለእያንዳንዱ ዞን አንዷ መስመሩ ውስጥ ትገባለች። ፓነሉ 5.6 ኪሎ ኦም ሲያይ «ሰላም ነው» ይላል። ሽቦው ቢቆረጥ ወይም በሩ ቢከፈት መስመሩ ክፍት ይሆንበታል። አንድ ሰው ሽቦውን ልጦ ሁለቱን ቢያገናኝ ደግሞ ዜሮ ያያል፤ ያኔም ሰላም አይልም። ይህ የሚሆነው ግን ሬዚስተሯ በመስመሩ መጨረሻ፣ ማግኔቱ ወይም ሴንሰሩ ጋ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ብዙዎች ለሥራ ስለሚመች ፓነሉ ሳጥን ውስጥ ይደረድሯታል። ያኔ ከሳጥኑ ውጭ ያለውን መስመር ማንም አገናኝቶ ቢያልፍ ፓነሉ 5.6 ከማየት አይቆምም። ሬዚስተሯ ለይስሙላ ተቀመጠች ማለት ነው።

እኔ እያንዳንዱን መስመር ፓነሉ ላይ ከማሰሬ በፊት በቴስተር ለካሁ። በር ዝግ፦ 5.6 ኪሎ ኦም አካባቢ። በር ክፍት፦ መስመሩ ክፍት፣ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ውጤቱን በወረቀት ጻፍኩ። ይህች ወረቀት በኋላ ከወርቅ በላይ ሆነችልኝ። ፕሮግራሙ በቁጥር በተሰየሙ ክፍሎች ተከፍሏል፤ 013 በሚባለው ክፍል የመጀመሪያው ምርጫ ሬዚስተር መጠቀም አለመጠቀማችሁን፣ ሁለተኛው አንድ ወይስ ሁለት ሬዚስተር መሆኑን ይወስናል። እኔ አንድ መረጥኩ።

ሽቦው አለቀ፣ ኪፓዱ በራ፣ እኔም ደስ አለኝ። ዋናው ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

001 የሚባለው ክፍል እያንዳንዱ ዞን ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነገርበት ነው። ለእያንዳንዱ ዞን ሁለት አኃዝ ትሰጡታላችሁ፣ ስትጨርሱ መሰላሏን (#) ትነካላችሁ። 01 የመግቢያ በር ነው፤ ሲከፈት ኮድ እስክትነኩ ጊዜ ይሰጣል። 03 ወዲያው የሚጮህ ነው። የማይሠራበትን ዞን 00 ትሉታላችሁ። እኔ ለዋናው በር 01 ሰጠሁ። የጓዳው በር፣ የሳሎንና የመኝታ ቤት መስኮቶች፣ ሁለቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮችና የሰርቪሱ ዕቃ ቤት ሁሉም 03። ሌባ ነው እኮ፤ ለምን ጊዜ ይሰጠዋል? ስምንተኛው ዞን ላይ የሳጥኑና የሳይረኑ ክዳን ሲከፈት የሚናገሩትን ሽቦዎች አሰርኩና 11 አልኩት፤ ይህ 24 ሰዓት የሚጠብቅ ነው፣ አላርሙ ባይበራም ይጮሃል።

ማታ እማዬ ከለቅሶ ተመለሰች። ዋናውን በር ከፈተች። ኪፓዱ ጡጥ ጡጥ አለ፣ ጊዜ ሰጣት። ሁለት እርምጃ ሄደች። የሳሎኑ ሴንሰር አያት። እሱ 03 ነው፤ ጊዜ የሚባል አያውቅም። ሳይረኑ አንባረቀ። ነጠላዋን ጥላ ወጣች።

እሺ አልኩ። የእንቅስቃሴ ሴንሰር 04 መሆን ነበረበት። 04 ብልህ ነው። በሩ መጀመሪያ ተከፍቶ ከሆነ «ይህ የቤት ሰው ነው» ብሎ ይጠብቃል። በሩ ሳይከፈት ሰው ካየ ወዲያው ይጮሃል። ቀየርኩት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ። በኩራት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ከኋላዋ ሳይረኑ፣ ውሻ፣ የጎረቤት ድምፅ ይሰማል። «ልጄ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ» አለችኝ።

እማዬ በየሌሊቱ በ10 ሰዓት ለኪዳን ትነሳለች። ይህን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ። ማታ አላርሙን አብርታ ተኛች፤ ሌሊት ተነስታ ኮሪደሩን ስታልፍ 04 ያለው ሴንሰር አያት። በሩ አልተከፈተም፤ ስለዚህ ለእሱ ሌባ ናት። የጎረቤቱ ጋሼ ዱላ ይዘው፣ ልጆቻቸው ባትሪ ይዘው በአጥር ዘለው ገብተዋል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ የምትነካው ኮድ ከድንጋጤ ጠፍቷታል።

ያን ዕለት የገባኝን ልንገራችሁ። ሽቦውን ሦስት ቀን አጠናሁ፤ እናቴን አንድ ቀን አላጠናሁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴስተሩን ቤት ትቼ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ማን በስንት ሰዓት ይነሳል? በየትኛው በር ይወጣል? ማን ማታ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል? ሰርቪስ ውስጥ የምትኖረው ልጅ ጠዋት በጓዳው በር ነው የምትገባው። ከዚያ በፊት ዕቃ ቤት ገብታ ዱቄት ታወጣለች። እማዬ ከውጭ ስትገባ ጫማዋን ታወልቃለች፣ መቋሚያዋን ታስቀምጣለች፣ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ከዚያ ነው ኪፓዱን የምታየው። ሰዓት ይዤ ለካሁ። 41 ሰከንድ። ፋብሪካው የሚሰጠው የመግቢያ ጊዜ 30 ነው።

ከደብተሩ ተነስቼ እንደገና ሞላሁት። ሁለቱ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች 05 ሆኑ። 05 ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ዝም የሚል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚጠብቅ ነው። ደስ የሚለው ፓነሉ ይህን ራሱ ያውቃል። ኮዱን ነክታችሁ በመግቢያው በር ከወጣችሁ ቤቱ ባዶ ነው ይላል። ኮዱን ነክታችሁ በሩን ካልከፈታችሁ ውስጥ ሰው አለ ብሎ ሴንሰሮቹን ይተዋቸዋል፤ በርና መስኮቱን ብቻ ይጠብቃል። እማዬ አሁን ሌሊት ኮሪደሩን እንደልቧ ትሄዳለች፤ ከመውጣቷ በፊት ብቻ ኮዷን ነክታ ታጠፋለች።

የጓዳው በር 02 ሆነ። እሱም ጊዜ የሚሰጥ ነው፣ ግን የራሱ ሰዓት አለው። 005 ውስጥ ገብቼ የመጀመሪያውን የመግቢያ ጊዜ 060፣ ሁለተኛውን 045 አደረግሁ። በሦስት አኃዝ ነው የሚጻፈው። የዕቃ ቤቱ በር 03 እንደሆነ ቀረ፤ ልጅቱ ዱቄቱን ማታ እንድታወጣ ተስማማን። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ አሁን ጠዋት ትንሽ ተጨማሪ እተኛለሁ ትላለች።

ይህ ፓነል በስልክ መስመር ወደ ጠባቂ ድርጅት እንዲደውል ነው የተሠራው። እኛ ቤት የሚደወልለት የለም፤ የእኛ ጠባቂ ጎረቤት ነው። ስለዚህ 015 ውስጥ 7ኛውን፣ 380 ውስጥ 1ኛውን ምርጫ አጠፋሁ። ያለበለዚያ «ስልክ የለም» እያለ ይነዘንዛችኋል። የችግር መብራት ስትበራ ኮከብና 2 ንኩ፤ ምን እንደጎደለው ይነግራችኋል። ሳይረን ስትገዙ ደግሞ ትልቁን ብቻ አትመልከቱ። ፓነሉ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 700 ሚሊ አምፔር ነው። ከዚያ በላይ የሚስብ ከሆነ በሪሌይ፣ ማለትም ፓነሉ በሚያዘው የተለየ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ይሁን።

ባትሪ ላይ ተሸውጃለሁ። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ገዛሁ። ሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አላርሙ ሞተ። የእኛ አላርም 250 ሚሊ አምፔር ያህል ነው የሚበላው፤ በሒሳብ ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ መቆየት ነበረበት። ሻጩን መውቀስ ምን ዋጋ አለው። ዕቃውን በእጄ መዝኜው ቢሆን እንኳ አውቅ ነበር። ደህናው 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የእኔው እንደ ዳቦ ቀላል ነበር። ሁለተኛውን ስገዛ የሱቁን ሚዛን ጠየቅኩ። ሳቁብኝ፤ ግን መዘኑልኝ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ቀልድ ልጨምር። ለእማዬ እንዲመቻት ብዬ ኪፓዱን በሀበሻ ሰዓትና ቀን ሞላሁት። ሰኔ 10ኛ ወራችን አይደል? ፓነሉ ግን 10ኛ ወር ሲባል ኦክቶበር ነው የሚያውቀው። ሰኔን 31 ቀን አደረገልኝ። ጳጉሜንማ ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም። አሁን በፈረንጅ ነው የተሞላው፤ ከጎኑ ወረቀት ለጥፌአለሁ። መብራቱም ባትሪውም አብረው ከጠፉ ሰዓቱን ይረሳል፤ ኮከብ፣ 6፣ ዋናው ኮድ (የገጣሚው ሳይሆን የባለቤቱ)፣ ከዚያ 1 ብላችሁ መልሱለት።

ኮድ ስትመርጡ ቤተሰቡን አስጠንቅቁ። እማዬ የመረጠችው 1221 ነበር፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም። «እማዬ፣ ይህንን ሰፈሩ በሙሉ ይገምተዋል» ስላት «ሚካኤልን የሚያውቅ አይሰርቅም» አለችኝ። ብዙ ተከራክረን ቀየርነው። ለሠራተኛዋ የራሷን ኮድ ሰጠናት፤ ማን መቼ እንዳበራና እንዳጠፋ መዝገቡ ላይ ይታያል። የገጣሚውን 5555ም መቀየር እንዳትረሱ፤ ቦታው 006 ነው። አዲሱን ኮድ ጽፌ ለወንድሜም ልኬለታለሁ። አሜሪካ የገጠመለት ሰውዬ እኔን ያደረገኝን እኔ በሌላ ሰው ላይ አላደርግም።

በወሩ መጀመሪያ ኮከብ፣ 6፣ ዋናው ኮድ፣ 4 ብለን እንሞክረዋለን። ሳይረኑ ለሁለት ሰከንድ ይጮሃል። እማዬ ከዚያ በፊት ለጎረቤቱ ጋሼ ትደውላለች፣ «ዛሬ ሙከራ ነው፣ ዱላውን አስቀምጥ» ትላለች። እሳቸውም ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ ለቤታቸው እንድገጥምላቸው ጠየቁኝ። ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው የሚነሱት አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ።